ባለ 7 መቀመጫ የቤት መኪና፦ አቫንዛ፣ ኤርቲጋ ወይስ ባለ ባትሪ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ሰሚት 72
ሰላም ለሁላችሁ። በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ የሚመላለስ መኪና ልንገዛ ነው። ባልና ሚስት፣ 3 ልጆች (ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፣ የልጅ ወንበር አላት) እና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ፤ በድምሩ 6 ነን። አልፎ አልፎ ደብረ ብርሃን ስንሄድ 7 እንሞላለን። አይተን የመጣነው ያገለገለ አቫንዛ 1.3 (ሁለተኛውን ሞዴል)፣ የ2019 ኤርቲጋ ማንዋል (ማርሹ በእጅ የሚቀየር) እና ባለ ባትሪው ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትልቅ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተመችቶት ይሄዳል?

ካንዴላ
ኤርቲጋ። አትድከሙ፣ ሌላ አትዩ።

ማርሽ 5
እህቴ፣ መልሱ ያለው ጎማና ጎማ መካከል ነው። ከ2018 ወዲህ ያለው ኤርቲጋ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.74 ሜትር ነው፤ ያየሽው አቫንዛ 2.655። ያቺ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሙሉ የምትታወቀው ጉልበት ላይ ነው። አቫንዛው ኋላ ላይ ጭንቅላት አይነካም፣ ግን ወለሉ ከፍ ስለሚል ጉልበት ወደ ደረት ይወጣና ጭን ከወንበሩ ይነሳል። ለ20 ደቂቃ ችግር የለውም፤ ለ2 ሰዓት ወገብ ይይዛል።

ስትፈትሹ ባዶ መኪና ውስጥ ገብቶ መውጣት አይበቃም። መጀመሪያ ሹፌሩ ለራሱ ያስተካክል፣ ቀጥሎ የመሀሉ ረድፍ ረዥሙ ልጅ ተቀምጦበት ይስተካከል፣ ከዚያ ኋላ የሚገባው ሰው ይግባ። ሻጭ ሁልጊዜ የመሀሉን ወንበር ወደ ፊት ገፍቶ ነው የሚያሳየው። እዚያው 15 ደቂቃ ተቀመጡ።

ደግሞ እናትሽን ኋላ አታስቀምጫቸው። ለጉልበት ክፉው መቀመጡ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ በታጠፈ ወንበር ላይ መሻገሩ ነው። እሳቸው መሀል፣ ትልልቆቹ ልጆች ኋላ። የትንሿን ወንበር ከሹፌር ጀርባ እሰሪው። በቀኝ በኩል ከታሰረ ያ ወንበር አይታጠፍም፣ ልጆቹም ወደ ኋላ መግቢያ ያጣሉ።

ቃሊቲ መስመር
ምንም ግዙ፣ ያገለገለ ማንዋል ብቻ አትግዙ። የኔ ባለ 7 መኪና ላይ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውና የሚለያየው) በ8 ወር 2 ጊዜ ተቀየረ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ የተቃጠለ ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል። ጋራዡ “አነዳድህ ነው” ብሎ ድጋሚ ሙሉ ሒሳብ ጠየቀ። ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ላይ መቆም ቀልድ አይደለም።

ገርጂ ጋራዥ ተራ
ወንድሜ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈቱት አሮጌው የፍሪሲዮን ዲስክ ዘይት ነበረበት?

ቃሊቲ መስመር
አዎ፣ ጥቁርና እርጥብ ነበር። የተቀየረውም ዲስኩ ብቻ ነው።

ገርጂ ጋራዥ ተራ
እንግዲያው አነዳድህ አይደለም። የሞተሩ የኋላ ዘይት ማገጃ ጎሚኒ ያፈስሳል፤ ዘይቱ ዲስኩ ላይ ይረጫል፣ አዲሱም በወራት ይንሸራተታል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ፤ ጎሚኒውም ያኔውኑ። ካምቢዮ ማውረጃው ዋጋ ያው ነው፣ የጎሚኒው ዋጋ ደግሞ ትንሽ ነው። ፍላይዊሉ (ዲስኩ የሚጣበቅበት የሞተሩ ሳህን) ሰማያዊ ቀለም ካበጀ ወይም ከተፋፋቀ ለማስላጨት ቶርኖ ቤት ይሂድ።

ገዢዎችም ይህን ፈትሹ፦ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 4ኛ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እርገጡ። የሞተሩ ዙር ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ የሚጋጠሙበትን ከታች በጣት ዳብሱ።

ካንዴላ
ሳሪስ ያለው የኛ ልጅ ጋ ውሰደው። ከሱ ውጪ ፍሪሲዮን የሚያውቅ የለም።

ቃሊቲ መስመር
ሁሉም ሰው “የኛ ልጅ” አለው። ያ የጋራዡም ሰው የአንድ ሰው “የኛ ልጅ” ነበር።

ካንዴላ
እሱ እንደዚያ አይደለም። ሂድና እየው።

የአያት ልጅ
ሰው ስለ ሦስተኛ ረድፍ ጠየቀች፤ እኛ ካምቢዮ አውርደን መሬት ላይ ዘርግተናል። ትንሽ ወደሷ እንመለስ እንጂ!

ማርሽ 5
ልክ ነህ። ስለ ሞተር ጉልበት ያልተባለ አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል። የኤርቲጋው 1.5 ወረቀት ላይ ከ100 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ይበልጣል፤ እዚህ 80 ገደማ ነው። የአቫንዛው 1.3 ከ70 ብዙም አያልፍም። 7 ሰው ማለት 400 ኪሎ ሲሆን፣ ዳገት ላይ 2ኛ ማርሽ የግድ ነው። አቫንዛ ከተገኘ 1.5ቱ ይሻላል። በሌላ በኩል ያ አቫንዛ የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ፣ ሲሞላ ክብደቱ የሚያርፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ነው። እርጥብ ኮረት ላይ ኤርቲጋው ፊት ጎማው ሲሽከረከር አቫንዛው ይወጣል።

ዕቃ ላይ ግን ተስፋ አታድርጉ። ኤርቲጋው ሦስተኛው ረድፍ ቆሞ 153 ሊትር ነው የሚይዘው፤ አንድ መለስተኛ ሻንጣና ሁለት ፌስታል። የኋላው ረድፍ ለሁለት ስለሚከፈል፣ 6 ስትሆኑ አንዱን ጎን አጥፋችሁ ዕቃውን እዚያ ጫኑ።

ወሎ ሰፈር
አቫንዛ ስትገዙ በራይድ የሠራ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አትመኑ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ከተላጨ፣ የሹፌሩ ወንበር በመግቢያው ጠርዝ ከተቀደደ፣ የኋላ በር እጀታው ከነጣ፣ ቁጥሩ 60 ሺህ ቢልም 200 ሺህ ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ እዳና እገዳ ሳይጣራ ቀብድ አትስጡ። መለዋወጫው ግን ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ሞልቷል፣ ያ የአቫንዛ ትልቁ ጥቅም ነው።

ጀሞ ኤሌክትሪክ
ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አሁን የምትገዙት አቫንዛና ኤርቲጋ እዚሁ ሲነዳ የቆየ ነው። ባለ ባትሪውን ቶሎ አትጣሉት። አይዲ 6 በዳገትና በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፣ ሦስተኛው ረድፍም ከሁለቱ ይሰፋል። ግን “ትንሽ መኪና” አይደለም፤ 4.88 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ማዞሪያውን ለኩ። የፊትና የኋላ ጎማው ስፋት ስለሚለያይ አንድ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም አይሆንም፤ ጎማ እያፈራረቁ ማስረዘምም የለም።

ሶኬቱ የቻይና ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሞላው 7 ቀዳዳ፣ ፈጣኑ 9። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ነው። ትልቁን ባትሪ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ እሱም አይደርስም።

ሰሚት 72
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተባለው 15 ደቂቃ ተቀምጠን አየን። አቫንዛው ላይ ባለቤቴ ኋላ ገብቶ ጉልበቱ የመሀሉን ወንበር ይገፋል። ኤርቲጋው ላይ የመሀሉ ወንበር ትንሽ ወደ ፊት ሲሳብ ቦታ አገኘ፣ ግን አየር አይደርሰውም፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የለውም። እናቴ ለመውጣት የቀለላቸው አይዲ 6 ነው። ቤታችን ግን የግድግዳ ሶኬት ላይ ሞክረን ቻርጀሩ ቀይ መብራት እያሳየ አልሞላም አለ። መኪናው ነው ወይስ ቤቱ?

ገርጂ ጋራዥ ተራ
ማራገቢያው ሁሉም ኤርቲጋ ላይ የለም። ያለበትን ፈልጉ፤ በኋላ ማስገጠም ጣሪያ ማውረድ ነው።

ጀሞ ኤሌክትሪክ
ቤቱ ነው። ሶኬቱ ላይ የመሬት ሽቦ የለም፤ ቻርጀሩ ያንን ካላገኘ አይለቅም፣ ደግሞም ልክ ነው። ሽቦውን አልፎ ለማታለል የሚሞክር ሰው ቢመጣ አታስነኩት። ከቆጣሪው የራሱ መስመር ይሳብ፤ ለዚህ ተንቀሳቃሹ ቻርጀር 4 ካሬ (ሚሊ ሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ በኋላ ባለ 7 ኪሎ ዋቱን ካሰባችሁ 6 ካሬ፣ ከነመሬቱ። ባለ 7 ኪሎ ዋቱ 32 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር አካባቢ ስለሚወስድ፣ በነጠላ ፌዝ ቆጣሪ በጋገራችሁበት ሰዓት መኪናውን አትሰኩት።

ካንዴላ
ሳሪስ ያለው ልጅ የመብራት ሥራም ጀምሯል።

ጀሞ ኤሌክትሪክ
ሰሚት 72፣ ቆጣሪሽ ላይ ያለውን የዋናውን ብሬከር ቁጥር አንብቢና ጻፊልኝ። 40 ካለ አንድ ነገር ነው፣ 25 ካለ ሌላ።

ቃሊቲ መስመር
ገርጂ፣ ጎሚኒው ኦሪጅናሉ ይሻላል ወይስ ሶማሌ ተራ ያለውም ይሆናል?