ወንዞቼ ባሕር አልደርስ አሉኝ

ቅዳሜ ማታ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በምናብ ዓለም ታሪክ የሚፈጥሩበትን ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ ታሪክ ልንጀምር ስለሆነ የዓለሙን ካርታ በዘፈቀደ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩ።

ካርታው 512 በ512 ነጥብ ነው። ከፍታውን የማወጣው በፐርሊን ኖይዝ (እንደ ኮረብታ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ የሚሉ የዘፈቀደ ቁጥሮች በሚያወጣ ስልት) ነው፣ 6 ጊዜ ደራርቤ። ተራራውና የባሕር ዳርቻው አሪፍ ወጥቷል። ጣጣው ወንዙ ላይ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ውሃውን ከ8ቱ ጎረቤቶቹ በጣም ዝቅ ወዳለው ያፈሳል። ወንዙ ግን ትንሽ ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ቅርት ይላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ልክ ነው። ግን ሁሉም ወንዝ አዋሽ ይሆናል እንዴ?

ጉድጓዶቹን እስከ አፋቸው ሞልቼ ሞከርኩ። አሁን ውሃው ባሕር ይደርሳል፤ የተሞላው ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አንዱ ጓደኛዬ አይቶት «ይሄ ወንዝ ነው የመስኖ ቦይ?» አለኝ። ከፍታውን ሳለሰልሰው ደግሞ ተራሮቹ ሟሙብኝ።

ሁለት ሦስት ዝግ ሐይቅ ብቻ ትቼ፣ የቀሩት ወንዞች እየተጠማዘዙ ባሕር እንዲገቡ ሜዳውን እንዴት ላስተካክለው?