«ናፈቀችኝ» ወይስ «አማረችኝ»? ላላዩት አገር የሚሆን ቃል

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት።

ሰሞኑን አንድ ማታ ብርዱ ሲጠናብኝ ጋቢ ተከናንቤ ስለ ጃፓን አነብ ነበር። ስለ ሳኩራ አበባ። አበባው አንዴ ከፈነዳ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሰው ምሳውን ይዞ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ አበባው እላዩ ላይ ይረግፋል። መጽሐፉን ከደንኩና «ጃፓን ናፈቀችኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

እናቴ አጠገቤ ጥጥ ትፈትል ነበር። መርሐቤቴ ነው ያደገችው፤ በቃል ቀልድ አታውቅም። እንዝርቷን አቆመች። «ያላየሽው አገር እንዴት ይናፍቅሻል? ሰው የሚናፍቀው የበላበትን፣ የጠጣበትን ነው። አማረኝ በይ» አለችኝ።

«አማረኝ» ግን አልተዋጠልኝም። እሱ ለእሸት፣ ለጥሬ ሥጋ ነው። ከበሉት ይወጣል። የኔ ዐሥር ዓመት አለፈው። ምን ልበለው?

መልስ፣ ከደብረ ሲና

እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። አንቺም አልተሳሳትሽም። ነገሩ ያለው «ኝ» ላይ ነው።

«ናፈቀችኝ» ስትዪ እንደ ራበኝ፣ እንደ ጠማኝ፣ እንደ በረደኝ ነው። ነገሩ ራሱ መጥቶ ይይዝሻል። እንዲህ የሚይዘን ደግሞ የለመድነው ነው፦ እናት፣ ልጅ፣ የሰፈር ሰው። «እናፍቃለሁ» ስትዪ ግን ተነሥታ የምትሄደው ያንቺ ልብ ናት። ለዚህ ማየት ግዴታ አይደለም። ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን አንብቢ። አብርሃምና ቤተ ሰቡ በድንኳን እየኖሩ፣ ረግጠውት የማያውቁትን ሰማያዊ አገር «ይናፍቃሉ» ይላል። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሥሩንም እየው። መንፈቅ የዓመት ግማሽ ነው። ንፍቀ ክበብ የምድር ግማሽ ነው። መናፍቅ ልቡ ከሁለት የተከፈለ ነው፤ በግዕዝ ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ፣ አመነታ ነውና። እኔ ናፍቆትንም ከዚሁ ቤት ነው የማየው። የናፈቀ ሰው ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው። አንቺ ደብረ ብርሃን ጋቢ ለብሰሽ፣ ግማሽሽ ሳኩራ ሥር ተቀምጧል።

«ትዝታ» ግን አይሆንሽም። ያላለፈ ነገር ትዝ አይልም። «ጉጉት»ም ቀኑ ለቀረበ ነገር ነው፤ ትኬት የቆረጠ ሰው ይጓጓል።

ለእናትሽ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው አይተው ተመለሱ። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉት። ማኅደር ማደሪያ ነው። ያንቺ ከተማ የብርሃን ደብር፣ የምትናፍቂው አገር የብርሃን ማደሪያ። ይህን ሳስበው ሁሌ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

«ውል አለኝ»ን እንዴት ረሳችሁት? ናፍቆት ይከርማል። ውል የሚል ነገር ግን ድንገት መጥቶ ልብን ነካ አድርጎ ይሄዳል።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ግን ጠዋት ጓሳ ላይ ቆሜ ጉሙ ከታች ሸለቆውን ሞልቶት፣ የተራራው ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ ሳይ፣ ባሕር ውል ይለኛል። ያላየሁት ባሕር። ታዲያ ይህን ቃል አልጠቀምበት?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጃፓኖችም ይህን ለይተው ነው የሚጠሩት። ያለፈ፣ የሚያውቁት ነገር ሲመጣባቸው «ናትሱካሺ» ይላሉ። ርቆ ያለውን፣ ገና ያልደረሱበትን ነገር መመኘት ደግሞ «አኮጋሬ» ነው። እኛ «ኝ»ን በማስገባትና በማውጣት የምንለየውን እነሱ በሁለት ቃል ለዩት።

ትናንት ማታ እናቴን «ጃፓንን እናፍቃለሁ» አልኳት። የብላቴን ጌታንም ነገር ነገርኳት። «የኛው ሰው?» አለች። እንዝርቷን ግን አላቆመችም።