ከእግር ልምምድ በኋላ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ላክቲክ አሲድ ነው እንዴ?

ጀማሪው፦
ሰላም ነው? ጂም ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሰኞ እግር ሠራሁ። ማክሰኞ ትንሽ ነው የተሰማኝ። ረቡዕ ጠዋት ግን ደረጃውን መደገፊያ ይዤ በጎን ነው የወረድኩት። አሠልጣኜ «ላክቲክ አሲድ ነው» አለኝ። እውነት ነው? የማነሳው ክብደትም ጨምሯል፤ ጡንቻዬ ግን ያው ነው። ክሬቲን የሚባለውን የጂም ዱቄት ልጀምር?

የብረት ወዳጅ፦
አሠልጣኝህ ተሳስቷል። ላክቲክ አሲድ የሚሉት፣ ጡንቻ ሲለፋ የሚፈጠረው ነገር፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ እስከ ረቡዕ አይቆይህም። ሕመሙ የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ስለተጎዱ ነው። በተለይ ጡንቻው ሸክም ይዞ ሲለጠጥ። ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጭ ብድግ) ላይ ቀስ ብለህ የምትወርዳት ነገር፣ እሷ ናት ጉድ የሠራችህ። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይብስና ይለቅሃል። ሽንትህ ከጠቆረ ግን ቀልድ የለም፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቀስ በቀስ፦
ጉልበትህን የጨመሩት ነርቮችህ ናቸው። አንጎልህ ብዙ ክሮችን ባንዴ መጥራት ተማረ። ጡንቻው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መስታወቱን ለጊዜው ተወው።

የብረት ወዳጅ፦
ክሬቲኑን ረሳሁት። እኔ በቀን 5 ግራም እወስዳለሁ። ጡንቻ ለአጭርና ከባድ ሥራ የሚጠቀምበትን ኤቲፒ የሚባል የኃይል ምንጭ ቶሎ ይተካል፣ ለአሥር ሰከንድ ገደማ። ለረጅም ሩጫ ብዙም አይጠቅምህም። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ስወጣ ደንግጬ ነበር፤ ለካ የጨመረው ጡንቻ የያዘው ውኃ ነው። የኩላሊት ችግር ካለብህ ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካው።

ጀማሪው፦
ተባረኩ። ነገ የእጅ ቀን ነው። ደረጃው ግን አሁንም እየጠበቀኝ ነው።