ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ፣ ለምን ጀመራችሁ?

የሦስተኛ ክፍሏ እናት፣ ደብረ ማርቆስ
እንደምን ዋላችሁ። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት፣ ማለቴ መሆን ነበረባት። ትምህርት ቤቷ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሲከፈትም መንገዱ ስለሚያስፈራኝ ከመስከረም ጀምሮ እኔው ቤት ይዣታለሁ። የቁም ሳጥኑን በር በውስጥ በኩል ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ አደረግሁት። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ትምህርት ይጀመራል፣ አባቷ ሸሚዝ ሲፈልግ እረፍት ይሆናል።

የአንድ ሁለት ወር ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ሦስት አራት ጎረቤቶቼም እንደኔው ሆነዋል። አንዷን ያስወጣት የመንገዱ ነገር ሳይሆን ክፍያው ነው። ሌላዋ ደግሞ ልጇ አጥርቶ ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል ስለደረሰባት ተናዳ ነው። እናንተስ? ነገ ልመልሳት ብል ያለ ካርድ ማን ይቀበላታል? ደግሞ ንባብ ጎበዝ ናት፣ መቀነስ ላይ "መዋስ" ሲመጣ ግን በየቀኑ እንጣላለን።

ቲቸር፣ ቡሬ
እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ካርዱን አስቢበት። 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የክልል ፈተና አለ። ቤት ውስጥ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ስሟ የሆነ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ከሌለ ያኔ ነው ጣጣው። አሁኑኑ አቅራቢያሽ ያለውን ርዕሰ መምህር አናግሪ፣ ፈትነው ክፍሏን ይሰጧት እንደሆነ ጠይቂ። የሚሉሽን በወረቀት ተቀበይ፣ በአፍ የተባለ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ወላጅ ለምን እንደሸሸን ግን ይገባኛል። የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር። "12 ዓመት ምን ሲማሩ ነበር?" ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም ብያለሁ፣ አስተማሪ ሆኜ።

መቀነሱን በብር ሞክሪው። ልጆቹን የሚያደናግራቸው "መዋስ" የሚለው ቃል ራሱ ነው፣ የተዋሱትን የሚመልሱ ይመስላቸዋል። አራት ባለ 10 ብርና ሁለት ባለ 1 ብር ሳንቲም ስጫትና 17 ብር ክፈይኝ በያት። "አስሩን ዘርዝሪልኝ" ያለችሽ ቀን ገብቷታል።

ዳዊት የደገመ፣ ሞጣ
ኧረ ይሄ ለጎጃም ምኑ አዲስ ነው! እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ስር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁት ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ነው። ግን ልብ በይ ልጄ፣ የኔታ ዘንድ ማንም ለብቻው አይማርም። ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል፣ የኔታ ራቅ ብለው ቁጭ ይላሉ፣ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ግን ከዚያው ሆነው ይሰማሉ። ለብቻዋ አታስቀምጫት። የጎረቤቶችሽን ልጆች ሰብስቢና ያንቺዋ ታናናሾቿን ታስነብብ፣ ንባብ ጎበዝ ናት ብለሽ የለ።

የባሕር ዳር ልጅ፣ ቨርጂኒያ
እዚህ አሜሪካ በ50ውም ግዛት የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች 5.4 በመቶው ነበሩ ቤት የሚያስተምሩት፣ በዚያው ዓመት መኸር ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። አንዱ በሃይማኖቱ፣ አንዱ ተኩስ ፈርቶ፣ አንዱ ልጁን ክፍል ውስጥ እያሾፉበት ስላስለቀሱት ነው። እኛ ግዛት እስከ ኦገስት 15 ቤት አስተምራለሁ ብለህ ታሳውቃለህ፣ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ ለመማሩ ማስረጃ ታስገባለህ። ብዙዎቹ ግን መርጠው ነው የገቡበት። አንቺ ተቸግረሽ ነው፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ባናመሳስለው። ለማንኛውም የሠራችበትን ደብተር ሁሉ ቀን እየጻፍሽ አስቀምጪ።

የሦስተኛ ክፍሏ እናት፣ ደብረ ማርቆስ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጋ እሄዳለሁ። ከጎረቤት ሁለት ልጆች ይመጣሉ፣ ቁም ሳጥኑ እንዴት እንደሚበቃን እንጃ። ቲቸር፣ ብሩን ማታ ሞከርነው። "አስሩን ዘርዝሪልኝ" አለችኝ! 17ቱንም ቆጥራ ከፈለችኝ። የቀረውን 25 ብር ግን አልመልስም ብላ ይዛው ተኛች።