ዝናብ ሲጠፋ ለበቆሎ ተምች የትኛው መድኃኒት፣ ከየትኛው ሻጭ?

ዝናቡ ከቆረጠ ወዲህ «በቆሎዬን ተምች ፈጀብኝ፣ ምን ልርጭ?» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። እኔ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማሳችሁን እዩ እላለሁ። ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) የሚመስል ምልክት፣ ወደ ጭራው ደግሞ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ 4 ነጥቦች ካሉት፣ በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ነው።

አምስት ቦታ እየቆማችሁ ሃያ ሃያ ተክል ቁጠሩ። ለጋ በቆሎ ከሆነ፣ ከ100ው 20 ያህሉ እምብርታቸው ውስጥ እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ያለ ትኩስ እዳሪ ከተገኘ መርጨት ያዋጣል። ከዚያ በታች ከሆነ በእጅ መልቀም ይሻላል። ዝናብ ቢኖር ትንንሾቹን ትሎች ያጥብልን ነበር። አሁን ያ ስለሌለ ማሳውን ቶሎ ቶሎ መመልከት ግድ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ የእኔ ምርጫ ኮራጅን ወይም ራዲያንት ነው። ዋጋቸው ከሌሎቹ ይወደዳል፣ ግን ትሉን ለይተው ይመታሉ። ራዲያንት እርጥብ ሳለ ንብ ስለሚጎዳ ወደ ማታ ይረጭ። ካራቴ ረከስ ይላል፣ ገና ያላደገ ተምችም ይገድላል። ችግሩ ጠቃሚ ነፍሳትንም አብሮ መጨረሱ ነው። በደረቅ ወቅት ቲማቲምን የሚያጠቃው ቀይ ሸረሪት የሚፈላው እነሱ ሲጠፉ ነው። መቂና ባቱ አካባቢ ከበቆሎው አጠገብ ቲማቲም ያላችሁ፣ እባካችሁ ካራቴን ተዉት። ማላታይንንም ለዚህ ተምች አልመክርም። እዚሁ አገራችን በተደረገ የላብራቶሪ ሙከራ የገደለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በዚያው ሙከራ ከተክል የተዘጋጁት ኒምና እንዶድ ከ95 በመቶ በላይ ገድለዋል! ላብራቶሪ ማሳ አይደለም፣ የኒምን ጉልበት ፀሐይ ቶሎ ይሰብረዋል። ቢሆንም ኒም ደጃችሁ ካለ፣ አመሻሽ ላይ መሞከሩ ተገቢ ነው። እንዶድ ግን ዓሣ ስለሚገድል ወንዝ ዳር አይሁን።

ከማን ይገዛ? ገበያ ላይ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንዳለፈበት፣ ስንት ውሃ እንደተጨመረበት አይታወቅም። የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ካለው ከዚያ ጀምሩ። ከሌለው ፈቃድ ያለው ሱቅ ሂዱና የታሸገውን፣ ጽሑፉ የሚነበበውን፣ ቀኑ ያላለፈውን ግዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ምክር ከፈለጋችሁ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳው ድረስ ስለሚመጣ ከሁሉም ይበልጣል። እሱ ከታጣ በገበሬዎች የምክር መስመር 8028 ላይ በነጻ ደውሉ። ሻጭ ግን ሻጭ ነው፣ ያለውን ነው የሚያወድሰው።

አረጫጨቱም ዋጋ አለው። በቀትር የጠወለገ ተክል ላይ ከረጫችሁ ቅጠሉ ሊቃጠል ይችላል። ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። አፈሙዙን ወደ እምብርቱ ዝቅ አድርጉና የተጠቃውን ብቻ ምቱ፣ ውሃም መድኃኒትም ይቆጥባል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይረሳ። መርጫውን ምንጭ ወይም ኩሬ ዳር አትጠቡት፤ በድርቅ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያችው ናት። እጣቢውን እዚያው ማሳው ላይ ርጩት።