ለቪትዝ ጎማ ስንት ንፋስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ቪትዝ ነው የምነዳው። ጎሚስታው ሁሌ 40 ይሞላልኛል። ጉድጓድ ስገባ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። የፊት ጎማዎቼ መሀላቸው ብቻ ተበልቷል። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ አዳማ ልወርድ ነው፤ አሳስቦኛል። ስንት ላስሞላ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሀሉ ብቻ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል። የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን አንብብ። የጃፓን መኪና ብዙውን ጊዜ በኪሎ ፓስካል ነው የሚጽፈው፤ 220 ማለት በጎሚስታው መለኪያ (ፒኤስአይ) 32 ገደማ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ግን ጣሪያው ነው፤ እሱን አትከተል።

ሌላ መልስ፦ ጠዋት ሳትነዳ አስለካ። ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ያኔ እንዳታስተነፍሰው! ስኮርታውንም አስለካ፣ አደራ።

ጠያቂ፦ አየሁት፣ 230 ይላል። 33 አስሞላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።