ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ነፃ የፎቶ ማስተካከያ የትኛው ይሻላል?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት ላፕቶፕ የሚሆን ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ስፈልግ ግራ ገባኝ። አንዱ ጂምፕ ይላል፣ ሌላው ፔይንት ዶት ኔት፣ ሌላው ደግሞ ምንም መጫን አያስፈልግም፣ ብሮውዘር ላይ ይሠራል ይላል። ፎቶሾፕ በየጊዜው ስለሚከፈልበት ትቼዋለሁ። ክራክ የተደረገውንም አልፈልግም።

የምሠራው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ በስልክ የተነሱ ፎቶዎችን መቁረጥና የጨለሙትን ማብራት። ሁለተኛው ግን ዋናው ነው። የቤተሰብ የድሮ ፎቶዎች ስካን ተደርገው አሉኝ፤ ቀለማቸው ወደ ቀይ ሄዷል፣ የታጠፉበት መስመርና ነጠብጣብም አለባቸው። እነሱን ማደስ እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሀርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። ከመቁረጥ ያለፈ ነገር ሠርቼ አላውቅም። እባካችሁ «ይሄን ጫኚ» ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም ንገሩኝ።

ጥላና ብርሃን፦

ዋናው ሥራሽ የድሮ ፎቶ ማደስ ከሆነ ጂምፕ ነው የሚያስፈልግሽ። ሂል የሚባል መሣሪያ አለው። ኮንትሮል ተጭነሽ ጤነኛ ቦታ ላይ ክሊክ ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ ነጠብጣቡን ስትቀቢው ከጤነኛው ቦታ የወሰደውን ከአካባቢው ቀለምና ብርሃን ጋር ያዋህደዋል። ክሎን የሚባለው ደግሞ ሳያዋህድ እንዳለ ይገለብጣል። ለቆዳ፣ ለግድግዳ፣ ለሰማይ ሂል ጥሩ ነው። የልብስ ጠርዝ፣ የፀጉር መስመር፣ የዓይን ዙሪያ ላይ ግን ክሎን ተጠቀሚ፣ ምክንያቱም ሂል ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሁለቱን ቀላቅሎ ያደበዝዛቸዋል። የታጠፈ መስመር ፊት ላይ ካለፈ ሁለቱንም እያፈራረቅሽ ነው የምትሠሪው።

ጂምፕ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመሩት፣ እስከ ዛሬም በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚሠራው። ማስታወቂያ የለውም፣ የሙከራ ጊዜ የለውም፣ አካውንት ክፈቺ አይልሽም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው 3.0 ደግሞ ብዙዎቻችን ለዓመታት ስንጠብቀው የነበረውን ነገር ይዞ መጣ፤ ፎቶው ላይ ያደረግሽውን ፊልተር በኋላ ተመልሰሽ መቀየር ወይም ማጥፋት ትችያለሽ።

መጀመሪያ ላይ ሰው የሚያደናግረው አንድ ነገር አለ። ሴቭ ስትይ የሚያስቀምጠው በራሱ ኤክስሲኤፍ ፎርማት ነው። ጄፔግ ከፈለግሽ ኤክስፖርት ነው የምትይው። ኤክስሲኤፉን አትሰርዢው፣ ሌየሮችሽ (ፎቶው ላይ እንደ ግልጽ ወረቀት የምትደራርቢያቸው ንብርብሮች) ሁሉ ያሉት እዚያ ነው።

ቀለል ይበል፦

ከላይ የተባለው ውሸት የለበትም፣ ግን 4 ጊጋ ራም ላለው ኮምፒውተርና ከመቁረጥ ያለፈ ላልሠራ ሰው ጂምፕ ማዘዝ ይከብደኛል። ሰው መስኮቱን ከፍቶ በመሣሪያው ብዛት ተደናግጦ የሚተወው ለዚህ ነው። እኔ ፔይንት ዶት ኔትን ነው የምመክረው። ቶሎ ይከፈታል፣ ሌየር አለው፣ የሠራሽውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያሳይ የሂስትሪ መስኮትም አለው፤ ወደፈለግሽው እርምጃ በአንድ ክሊክ ትመለሻለሽ። ለስልክ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ክሎን ስታምፕ አለው፣ ሂል ግን አብሮት አይመጣም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከፈለግሽ ፕለጊን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ፣ ማሰስ ነው። የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ አዲሱም ቨርዥን 64 ቢት ዊንዶውስ ይፈልጋል። ደግሞ ከማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ስትፈልጊው ክፍያ ይጠይቅሻል፤ ነፃው ያለው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ናቸው፣ የሚከፈለው ለሠሪው ድጋፍ እንዲሆን ነው።

ፒክስል ቆጣሪ፦

ስለ ራሙ በግምት ከምንከራከር ሒሳቡን እንሥራው።

10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ቢደረግ ወደ 2400 በ3600 ፒክስል ይሆናል፣ ማለትም ከ9 ሚሊዮን ፒክስል በታች። አንዱ ፒክስል ተራ በሆነው 8 ቢት አሠራር ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት በድምሩ 4 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሌየር 35 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሦስት አራት ሌየር ብትከፍቺ፣ ወደኋላ ለመመለስ ፕሮግራሙ የሚይዘውን ጨምረሽ፣ 4 ጊጋ ራም ይችለዋል። በ1200 ዲፒአይ ስካን ካደረግሽው ግን ፒክስሉ አራት እጥፍ ይሆናል፣ አንዱ ሌየር ብቻ ወደ 140 ሜጋባይት ይጠጋል፣ ያኔ ላፕቶፑ ራሙ ሞልቶበት ወደ ሀርድ ዲስኩ መጻፍ ይጀምራል። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ይሄ ማለት እያንዳንዱን ክሊክ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እና ጂምፕ ይሠራልሻል፣ በ600 እስካቆምሽው ድረስ። ብሮውዘሩን ዝጊ። በጂምፕ ፕሪፈረንስ ውስጥ ሲስተም ሪሶርስስ የሚል ክፍል አለ፣ ምን ያህል ሚሞሪ እንዲጠቀም እዚያ ታስተካክያለሽ። መጀመሪያ ስትከፍቺው ፎንቶችን ሁሉ እየቆጠረ ስለሚያዘግም ተበላሸ ብለሽ አትዝጊው።

አንድ ሌላ ነጥብ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ነገ ያንን ላፕቶፕ ሊኑክስ ወደሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለማዞር ብትወስኚ ጂምፕ እዚያም አለ፣ የተማርሽው አብሮሽ ይሄዳል። ፔይንት ዶት ኔት ግን የለም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ምክንያት ነው።

ጥሬ ፋይል፦

ስማቸውን ሰምተሽ እንዳትቸገሪ ሌሎቹን ቶሎ ልጥቀስልሽ። ዳርክቴብልና ሮው ቴራፒ የሚሏቸው ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ግን የተሠሩት ካሜራ ለሚያወጣው ሮው ፋይል፣ ማለትም ገና ላልተቀነባበረው ጥሬ ፎቶ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ 14 ቢት የሆነ ሮው 16 ሺህ 384 ደረጃ አለው፣ ጥላ ውስጥ የተደበቀውን ማውጣት የሚቻለው ለዚህ ነው። አንቺ ያለሽ ስካንና የስልክ ጄፔግ ስለሆነ አሁን አያስፈልጉሽም። ክሪታ በዋናነት ለሥዕል ነው። ዲጂካም ፎቶ ለመደርደርና ለመፈለግ ነው፣ እሱ ግን ፎቶዎችሽ ሲበዙ ያስፈልግሻል። አፊኒቲ የሚባለውን ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባለቤቱ ካንቫ የሚባለው ኩባንያ ነፃ አድርጎታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አካውንት ይፈልጋል፣ ለዚህ ላፕቶፕም የሚከብድ ይመስለኛል። ፒካሳ የሚባለውን የድሮ የፎቶ ፕሮግራም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሞታል። አሁንም ከየቦታው ሊያወርዱት የሚፈልጉ አሉ፣ አንቺ ተዪው።

ብሮውዘር ላይ ይሠራል የተባልሽው ፎቶፒ መሆን አለበት። ፎቶሾፕን ይመስላል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል፣ ፎቶሽን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ነው የሚሠራው። ማስታወቂያ አለው። ለአንድ ለሁለት ፎቶ ግሩም ነው። ሌየር የበዛበት ረጅም ሥራ ግን ብሮውዘር ውስጥ አልሠራም፣ ሴቭ ሳይደረግ ታቡ ከተዘጋ ሥራው አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ጀማሪዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ስካኖቹ ጄፔግ ናቸው፤ በየጊዜው ከፍቼ ትንሽ ትንሽ ብሠራባቸው ጥራታቸው ይቀንሳል ይባላል፣ እውነት ነው? ቀዩን ቀለም ማስተካከልስ ከየት ነው የሚጀመረው?

ጥላና ብርሃን፦

እውነት ነው። ጄፔግ መጠኑን የሚቀንሰው መረጃ እየጣለ ነው፣ ስለዚህ ከፍተሽ አስተካክለሽ መልሰሽ ጄፔግ ባደረግሽው ቁጥር እንደገና ይጥላል። መክፈትና ማየት ብቻ ምንም አያደርገውም። ስለዚህ የስካኖቹን ፎልደር ከምንም በፊት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱን ኮፒ ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪና አትንኪው። ሥራሽን በኤክስሲኤፍ ያዢ፣ ጄፔግ የምታወጪው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ነው። የወረቀቱ ፎቶ አሁንም እጅሽ ላይ ካለና በጣም የምትወጂው ከሆነ መረጃ በማይጥሉት በቲፍ ወይም በፒኤንጂ ፎርማት እንደገና ስካን አድርጊው።

ስለ ቀዩ። የቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ሦስት ማቅለሚያ አለ፤ ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ። እኩል አይደክሙም። ብዙ የድሮ ፎቶዎች ላይ ሲያኑ ቀድሞ ይደክማል፣ ቀይን ይዞ የሚያስቀረው ደግሞ እሱ ነበር፣ ለዚያ ነው ፎቶው የሚቀላው። ስለዚህ ፎቶውን በሙሉ ሰማያዊ ብትቀቢው አይስተካከልም፣ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ማከም አለብሽ።

ጂምፕ ውስጥ ከለርስ ከሚለው ሜኑ ሌቭልስን ክፈቺ። ላይ ቻነል የሚል አለ፣ ቀይን ምረጪ። ተራራ የመሰለ ግራፍ ታያለሽ። ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ግራፉ እስከሚጀምርበት ቦታ ድረስ አምጫቸው። አረንጓዴንም ሰማያዊንም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ብዙው ይመለሳል፣ ልብስና ቆዳ ከቀዩ ሥር ብቅ ሲሉ ታያለሽ፣ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የምወደው ያንን ነው። ካልበቃሽ የመሃለኛውን ሦስት ማዕዘን በጥቂቱ ነካ ነካ አድርጊው። አውቶ የሚል በተንም አለ፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ፎቶውን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ሞክሪና ካልጣመሽ መልሺው።

ቀለሙን አስቀድሚ፣ ነጠብጣቡ ከዚያ በኋላ። ቀለሙ ሲስተካከል መጀመሪያ ያልታየ ጭረት ይወጣልና። ሂል ከመጀመርሽ በፊት ሺፍት ኮንትሮል ዲ ብለሽ ሌየሩን ዱፕሊኬት አድርጊ፣ ላይኛው ላይ ሥሪ። የታችኛው እንዳለ ስለሚቀር ፊቱን አበዛሁት እንዴ ብለሽ ስትጠራጠሪ ላይኛውን ደብቀሽ ታወዳድሪያለሽ።

ቀለል ይበል፦

እሺ፣ ለድሮዎቹ ፎቶዎች ጂምፕ ይሁን፣ ከሒሳቡ በኋላ አልከራከርም። ለስልክ ፎቶዎቹ ግን ጂምፕ አትክፈቺ። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ፎቶስ ይቆርጣል፣ ያበራል፣ ያጋደለውንም ያቀናል። ካነሰሽ ፔይንት ዶት ኔት ጫኚ። ሁለቱ አብረው ቢኖሩ ችግር የለውም።

ፒክስል ቆጣሪ፦

ስታወርጂ ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጣውን አትጫኚ፣ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ጂምፕ ዶት ኦርግ ብለሽ አድራሻውን ራስሽ ጻፊ። «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ በተን ያለባቸው ሌሎች ድረ ገጾች ከፕሮግራሙ ጋር የማትፈልጊውን ነገር ጨምረው ሊጭኑብሽ ይችላሉ። ካርድ ወይም ክፍያ የጠየቀሽ ገጽ ካለ ዝጊው፣ ትክክለኛው ድረ ገጽ ለማውረድ አያስከፍልም።

ጀማሪዋ፦

እሺ። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ኮፒ እያደረግኩ ነው፣ ጂምፕንም ከራሱ ድረ ገጽ ማውረድ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ፎቶ ስጨርስ ከመታደሱ በፊትና በኋላ ያለውን እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ ፊት ላይ ያለውን መስመር ዓይታችሁ ትነግሩኛላችሁ።